ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና

ሰኔ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

ዛሬ የቡና ነጋዴው የፉፋ መኪና በጭነት መኪና ተጭና ወደ ብየዳ ቤቴ መጣች። ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ያቺ ጣሪያ የሌላት አረንጓዴ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ሞዴሏ አሮጌ ነው፤ እኔ ከማግባቴ በፊት የተሠራች ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ሦስተኛ ሰው ቢመጣ ቆሞ ይሸኛቸዋል። ኡኬ መንደር ስትደርስ ጭቃው አንሸራትቷት ቦይ ውስጥ ገባች። ፉፋ ግንባሩ ትንሽ ተጫረ እንጂ ደህና ነው። እሷ ግን ሻንሲዋ በግራ በኩል ታጥፏል።

ባለቤቴ ሐረግወይን አንድ ቀን ሻንሲ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ የቤት ምሰሶ አጋድመሽ ቤቱን ላዩ ላይ ብታስቀምጪው እሱ ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥማ አልገባም ብላ ሳቀች።

ፉፋ ሌላ መንገድ እንዳለም ሰምቷል። ባለሱቁ ሸዋርጋ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲመላለስ፣ አንድ ጋራዥ ጓሮ የዚችኑ መኪና አምሳያ ወድቃ አይቷታል። ሻንሲዋ ጤነኛ ነው ይላል። ፉፋ ላስመጣው ወይ አለኝ። አያስፈልግም፣ ይኼንኑ አቃናዋለሁ አልኩት። ሻንሲ ለመቀየር ቦዲው እንዳለ ከላዩ ተነስቶ መውረድ አለበት። እዚህ ከተማ ደግሞ ማንሻ የለም። ያለው የሰው ክንድ ነው፣ ደቦ መጥራት ነው። ለአንዲት መኪና ብዬ ሰው አላስቸግርም።

ማታ ዝናቡ በረታ። ሐረግወይን ጃንጥላዋን ትታ ነው የሄደችው፤ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ጃንጥላ ትቶ የሄደ ሰው ይመለሳል።

ሰኔ 23

ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ሥር። ጭቃ፣ ዝገት፣ አሮጌ ግሪስ። ምሳ አልበላሁም፤ ሲመሽ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኔ 28

ድርቤ በአጥሩ በኩል ሰላም አለችኝ። የጎረቤቴ የአናጺው የኦቦ ዋጋሪ ሚስት ናት። ሐረጌ መቼ ነው የምትመጣው አለች። እህቷ ሲሻላት፣ ዝናቡም ሲያባራ አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ሐረግወይን አምቦ የሄደችው ግንቦት ላይ ነው፤ እህቷ ታማባት። ከዚያ በፊት ተኮራርፈን ነበር፤ የማይኮራረፍ ባልና ሚስት የለም። ነገሩ የዋጋሪ ጣሪያ ነው። ሚያዝያ ላይ አዲስ ቤቱን ሊከድን ሰፈሩን ደቦ ጠራ። እኔ የብየዳ ሥራ ነበረብኝ። ባዶ እንዳይሆን ብዬ አንድ ጣሳ ሚስማር ላክሁለት። ጥሩ ሚስማር ነበር። ሐረግወይን ግን እንጀራውን ተሸክማ ብቻዋን ሄዳ፣ ማታ ስትመለስ "የጠሩት አንተን እንጂ ሚስማር አይደለም" አለችኝ። ቀጥላም በስምንት ዓመት ውስጥ የእኛን ደጃፍ ለሥራ ካልሆነ ማን ረግጦት ያውቃል አለች። እኔ ለቁም ነገር የሚመጣ ደንበኛ ይበቃኛል ብዬ መለስኩ።

ይኼ ከእህቷ መታመም ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሐምሌ 6

ዛሬ ሳብኩት። ሰንሰለቱን በጓሮው ሾላ አሰርኩና ሌላውን ጫፍ የታጠፈው ብረት ላይ አደረግሁ። ብረቱን በእሳት አግዬ በትልቁ ክሪክ ቀስ እያልኩ ወጠርኩት። አንድ ሰው ክሪኩን፣ አንድ ሰው እሳቱን፣ አንድ ሰው የመለኪያውን ገመድ መያዝ ነበረበት። ሦስቱንም እየሮጥኩ እኔው ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ብረቱ በረደብኝና እንደገና ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ በገመዱ በሰያፍ ከማዕዘን ማዕዘን ስለካው ሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። ከመደሰቴ የተነሣ "ሐረግ፣ ነይ እዪ!" ብዬ ጮህኩ። ከአጥሩ ወዲያ የዋጋሪ መጥረቢያ ለጊዜው ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ቀጠለ።

አፈርኩ። የሰው ልጅ ልማድ ነው።

ሐምሌ 9

የተሰነጠቀውን በየድኩ። በብረት ቁራጭም ደገፍኩት። ቀይ ፀረ ዝገት ቀባሁት። ሲያዩት ያምራል።

ሐምሌ 15

አንድ ነገር አልወደድኩም። ከመቀመጫው ሥር ያለው የግራው ብረት፣ ቦዲው ተቀምጦበት ስለሆነ አይታይም። እጅም አይገባም። በመዶሻ ሥሩን ስመታው ከፊት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ግን ይታፈናል። የቦዲው ማሰሪያ ጎማ ይሆናል ድምፁን የሚያፍነው። እሱ ነው መሆን ያለበት።

በቀኝ በኩልም ያው ጎማ አለ። በዚያ በኩል አይታፈንም።

ሐምሌ 21

ሸዋርጋ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሱቁ ቁጭ ብሏል። ቡሎን ልገዛ ገባሁ። ሲመጣ አምቦ አድሮ ሐረግወይንን ገበያ ላይ አይቷታል። ከእህቷ ጋር ሆነው ጨርቅ ይሸጣሉ አለኝ። እንግዲያው እህትየዋ ተሽሏታል አልኩት፤ ሸዋርጋም "አዎን፣ ደህና ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው" ብሎ ያልቆሸሸ ሚዛን መጥረግ ጀመረ።

ምን አለችህ ስለው ሰላምታ ብቻ አለ። ጃንጥላዋን ላክልኝ አላለችም ወይ አልኩት። አላለችም አለኝ።

ጥሩ ነው። አዲስ ልትገዛ ብታስብ ኖሮ ትለው ነበር። ካልጠየቀች መጥታ ልትወስደው ነው።

ሐምሌ 22

ወይ አዲስ ገዝታ ይሆናል። ይኼን ማሰብ አልነበረብኝም።

ነሐሴ 4

ፉፋ ሚስቱን ቀለሟን ይዟት መጣ። አግብተው ዓመት አልሞላቸውም፤ እሷ ግን ሆዷ ገፍቷል። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ ባኮ፣ እናቷ ቤት ነው የምትወልደው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። መስቀልን እዚህ ውለው በነጋታው ሊሄዱ ነው፣ በዚችው መኪና። ፉፋ እናቷ ደጅ በዚች መኪና ካላደረሳት ሰርጉ ያለቀ አይመስለውም።

በርጩማ ሰጠኋት። ስንት ሰው ነው የምትይዘው ብላ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ብቻ አልኳት። ሆዷን በመዳፏ ነካ አድርጋ "ሦስት ነን እኮ፤ ትችለናለች?" አለችኝ።

"ትችላለች" አልኩ።

ቶሎ ነው የመለስኩት። ሰው ሳያስብ የሚመልሰው እርግጠኛ ሲሆን ነው፣ ወይም እንዳያስብ ሲፈልግ ነው።

ሲሄዱ ቀለሟ ቤቱን ዘወር ብላ አይታ፣ ባለቤትህ የት ናት አለችኝ። ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ፣ እየመጣች ነው አልኳት።

ነሐሴ 11

ሞከርናት። እኔ ነዳሁ፣ ፉፋ አጠገቤ። እስከ ገበያው ወርደን ተመለስን። ሞተሯ ደህና፣ መሪዋ ደህና፤ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ እጁን ያውለበልብልናል፣ እኔም ሳላስበው አውለበለብኩ። ስንመለስ ግን ከመውረዳችን በፊት በሩን ብከፍተው አልከፈት አለ። ፉፋ ዘሎ ሲወርድ ተከፈተ።

ባዶዋን ስትሆን በሩ ይከፈታል። ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ይነክሳል። ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ጀማሪም ያውቀዋል፤ መሃሏ እየሰመጠ ነው።

ነሐሴ 12

የበሩን ጠርዝ ሞረድኩት። አሁን ሁለት ሰው ተቀምጦም ይከፈታል።

በሩ ምንም አላጠፋም ነበር።

ነሐሴ 20

ዝናብ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

በጭንቅላቴ ያለውን ላውጣው። አዲሱን ሻንሲ ማስመጣት ቀላል ነው፤ ሸዋርጋ ያመጣዋል። ማንሳቱ ነው። ሰው ልጥራ ብል ማንን ነው የምጠራው? የማንንስ ደቦ ሄጄ አውቃለሁ? ይኼም ይሁን፤ ለአንድ ቀን ባፍር ያልፋል። ደቦ ግን ክንድ ብቻ አይደለም። የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል። ባለቤቲቱ ከዋዜማው ጀምራ ትንጎዳጎዳለች፣ ጎረቤት ሴቶች ገብተው ያግዟታል። እኔ ቤት ገብተው ምን ሊያዩ ነው? ምድጃው ውስጥ ድመት ወልዳለች። የሐረግወይን ማሰሮ ተደፍቶ አቧራ ለብሷል፤ ሳጥኗ ባዶ ነው።

ሳጥኗ ባዶ መሆኑን እስካሁን አልጻፍኩትም ነበር። ለእህት ጥየቃ የክረምት ልብስም የበጋ ልብስም ይወሰዳል ወይ? ብርድ ትወዳለች ብዬ ነው ያለፍኩት። ምን ማለት ነው እሱ፤ ብርድ የሚወድ ሰው አለ?

በአውቶቡስ ሂዱ ብላቸውስ? ለምን ይሉኛል።

ነሐሴ 26

ማታ አጥሩን ስጠግን ዋጋሪ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ እንግዳ፣ ያ በያጅ ከብረት ጋር ነው እንዴ የተጋባው አለና ሳቁ። ዋጋሪ አልሳቀም። "ተዉት፤ የከበደው ሰው ነው" አለ በኦሮምኛ። ስምንት ዓመት ኖሬ ኦሮምኛው ይገባኛል፤ የማይገባኝ እንዲመስላቸው አድርጌ ኖርኩ እንጂ።

አጥሩን ሳልጨርስ ገባሁ።

ጳጉሜ 2

ዛሬ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ በባትሪ አየሁ። ከማሰሪያው ጫፍ፣ ከቀባሁት ቀይ ቀለም ላይ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን የዝገት መስመር ወጥቷል። ቀለሙን ፋቅኩት። መስመሩ ወደ ላይ፣ ቦዲው ወደሸፈነው ቦታ ይሄዳል። ከእኔ ብየዳ አይደለም የተነሣው። ቦይ የገባች ቀን የተሰነጠቀ ነው፤ የፊቱን ብረት ሳቃና ደግሞ ጨምሬ ከፍቼዋለሁ።

በሁለት ሰው ገበያ ደርሳ መጣች። ባኮ ግን ሩቅ ነው፣ ቁልቁለቱም ብዙ ነው። እዚያ መሃል ለሁለት ብትከፈል የሚቀመጡት ማንና ማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ጳጉሜ 3

ፉፋ ሱቅ ሄጄ ሻንሲው መቀየር አለበት አልኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት፤ የበሩንም ነገር ሳልደብቅ። አልጮኸብኝም። "ያኔ ጠይቄህ ነበር እኮ" አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው ሸዋርጋን ጠርቶ ነገ ጠዋት ለአዲስ አበባ ተነሥ አለው።

ጳጉሜ 5

ዋጋሪ ጋ ሄድኩ። ከአጥር አጥር ቅርብ ነው፤ እኔ ግን ዞሬ በዋናው መንገድ ሄድኩ፣ ትንሽ እንዲርቅልኝ።

"አካም ጂርታ፣ ያ ተድላ? ኮቱ፣ ግባ" አለኝ፤ ደህና ነህ ወይ፣ ና ብሎ ስሜን መጥራቱ ነው፣ ትላንትና እንደተለያየ ሰው። አዲሱ ቤቱ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ጣሪያው ያምራል። ማእዘኑ ላይ ካለው መደርደሪያ ላይ የሚስማር ጣሳዬ ተቀምጧል፤ ክዳኑ አልተነካም። ሳየው አየኝና "ልትወስደው ነው የመጣኸው?" አለኝ። ድርቤ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፣ አልቻልኩም።

የመኪናዋን ነገር ነገርኩት። ቀለሟንና ባኮን ነገርኩት። እኔ ሳቃናው ስንጥቁን እንዳባስኩትም ነገርኩት። ቦዲውን የሚያነሳ ሰው ያስፈልገኛል አልኩ። አገጩን እያሻሸ፣ ጣሪያ ከፍ አድርገን እናውቃለን፣ መኪና ከጣሪያ አይከብድም፣ ቀኑን ብቻ ንገረኝ አለ። ይኼ ሁሉ እንዲህ ቀላል ነበር።

ድርቤ ደግሞ በቀስታ "ሐረጌ ለዚያ ቀን ትደርሳለች?" አለችኝ።

ትደርሳለች ልል አፌን ከፈትኩ። ለሰው ሁሉ ስለው የኖርኩት ነው፤ ምላሴ ለምዶታል።

"ሐረግወይን አትመጣም" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዋጋሪ "እናውቃለን" አለ። "ስትሄድ ድርቤን ተሰናብታ ነው የሄደችው። አንተ እስክትነግረን ነው የጠበቅነው፤ ያልነገርከንን ነገር መጥተን እንዴት እናጽናናህ?"

ክረምቱን ሙሉ። ድርቤ በአጥሩ በኩል መቼ ነው የምትመጣው ስትለኝ ክረምቱን ሙሉ በር እየከፈተችልኝ ነበር። እኔ ደግሞ እህቷ ሲሻላት እላለሁ።

የማበላው የለኝም አልኳቸው። ድርቤ "ማን ጠየቀህ?" ብላ ተቆጣች።

መስከረም 2

ዘመን ተለወጠ። ሻንሲው ገና። መንገዱ ተበላሽቷል ይላሉ።

መስከረም 5

ሸዋርጋ ሻንሲውን አመጣ። በጭቃ ተለውሷል፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። በመዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታሁት፤ የትም ቦታ አይታፈንም። አምቦ ስላደረበት ምሽት አልጠየቅሁትም። እሱም አላነሣም።

መስከረም 6

በሮቹን አወለቅሁ፣ ሽቦዎቹን፣ የነዳጁን ቱቦ፣ የመሪውን ዘንግ ፈታሁ። ቡሎኖቹ ዝገት ናቸው፣ እጄ ተላጠ። ነገ ነው። ማንም ባይመጣስ?

መስከረም 7

መጡ። ከእኛ ሰፈርም፣ ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈርም። ስማቸውን የማላውቃቸው፣ የመኪና ባሌስትራቸውንና ማረሻቸውን እየበየድኩ ፊታቸውን ቀና ብዬ ያላየሁ ሰዎች። ግቢው ሞላ። ዋጋሪ ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና ከቦዲው ሥር አሳለፈና ሰዎቹን ግራና ቀኝ ደረደረ። እኔን ከመሃል አስገባኝ፣ ከፉፋ ፊት ለፊት።

"ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ" ብሎ እስከ ሦስት ቆጠረ። ተነሣች። ለማንሳት ክረምቱን ሁሉ የፈራኋት ያቺ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነሥታ ሄዳ እንጨት ላይ ተቀመጠች።

ሻንሲው ብቻውን ቀረ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ስንጥቁ ከግማሽ በላይ አልፏል፤ የያዘው ከታች ያለው ጣት የማትሞላ ብረት ብቻ ነው። ዋጋሪ ጣቱን አስገብቶ አወጣ። ፉፋ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እኔን የወቀሰኝ ሰው አልነበረም።

ሴቶቹ የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ፣ ጩምቦ ቂጣ፣ እርጎ ይዘው መጡ። ድርቤ ምድጃዬን አጽድታ እሳት አነደደች፣ ድመቷንና ልጆቿን በቅርጫት አዛወረቻቸው። የሐረግወይንን ማሰሮ አንሥታ አጥባ ውሃ ጣደችበት። አየኋት፤ አላለቀስኩም፣ ጭስ ነው ብያለሁ።

ሲመሽ ሁሉም ሄዱ። ዝምታው ከበፊቱ ይብሳል። በፊት የማነጻጽረው አልነበረኝም።

መስከረም 14

ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ እግሮቿን ወደ አዲሱ ሻንሲ አዛውሬ ጨረስኩ። ቦዲውን ለማስቀመጥ እንደገና ሰው መጥራት አለብኝ ብዬ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ፣ ዋጋሪና ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል። አልጠራኋቸውም ነበር። ቦዲውን አስቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው ወደየሥራቸው ሄዱ።

ሁለት ሰው አስቀምጬ በሩን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። የሞረድኩት ጠርዝ አሁን ክፍተት ሆኖ ቀርቷል። ፉፋን ይስተካከል ወይ ስለው፣ ተወው፣ ይኑር አለ።

መስከረም 18

ጠዋት ሄዱ። ትናንት ለመስቀል ስትዞር የዋለችው መኪና አበባ እንደተሰካባት ናት። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐዩ ግን ገና በማለዳው ያቃጥላል፤ መኪናዋ ደግሞ ጣሪያ የላትም። ቀለሟ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ስትጎትት አየሁና ቤት ገብቼ የሐረግወይንን ጃንጥላ ከበሩ ጀርባ አወረድኩ። ክረምቱን ሙሉ ስላልተዘረጋ ሽቦዎቹ ተያይዘው ነበር።

"የባለቤትህ ነው? ስንመለስ አመጣዋለሁ" አለችኝ።

"አያስፈልግም፤ ለልጁም ይሁን" አልኳት።

ፉፋ እጄን ሁለት ጊዜ ጨብጦ ሞተሩን አስነሣ። ጃንጥላው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ታየኝ። ከዚያ ድምፁ ብቻ ቀረ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት፤ ምንም የታፈነ ነገር የለውም። ስገባ በሩ ጀርባ ባዶውን ሚስማር አየሁ። ልነቅለው ጉጠት አንሥቼ ተውኩት።

መስከረም 21

ቀለሟ በሰላም መድረሷን የባኮ ሹፌር ነገረኝ።

የድርቤ እህት ቤት ኡኬ ላይ በክረምቱ ዘሟል። ነገ ሊያቃኑት ሰው ይሄዳል። ዋጋሪ ማታ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "ያ ተድላ፣ ነገ ማለዳ ነው" አለኝና ሄደ። ምን ልያዝ ብዬ ብጣራ አልሰማኝም።

ጫፉ ቆልማማ የሆነውን መዶሻዬን አወጣሁ። ሰንሰለቱን አወጣሁ። ክሪኩንም አወጣሁ። ሁሉንም ደጃፍ ላይ ደርድሬ አየኋቸው፣ ከዚያ መልሼ አስገባኋቸው።

መስከረም 22

ባዶ እጄን ሄድኩ።